የጉልበት ማሰሪያው ከ5 ወር በኋላ፦ ከ5 ሦስት ሰጥቼዋለሁ

ሁሉም ሰው የሚጠይቀኝን መጀመሪያ ልመልስ። አዎ፣ ይሠራል። ግን ሻጩ ለነገረኝ ነገር አይደለም የሚሠራው። እሱ "እቺን ካጠለቅሽ እንደ ጥሩነሽ ትሮጫለሽ" ነው ያለኝ። እኔ እንኳን ልሮጥ፣ ከታክሲ ስወርድ ረዳቱ "ቀስ በይ እናቴ" እያለ ክንዴን የሚይዘኝ ሰው ነበርኩ። 43 ዓመቴ ነው እኮ!

ማሰሪያውን የገዛሁ ሰሞን 94 ኪሎ ነበርኩ። የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት ደግሞ የለም። ስወጣ ይደክመኛል እንጂ ያን ያህል አያመኝም፤ ጉዱ ስወርድ ነው። ቀኝ ጉልበቴ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ግድግዳውን ይዤ እንደ ሕፃን ልጅ ደረጃውን አንድ በአንድ ነው የምወርደው፣ ከኋላዬ የሚመጣ ጎረቤት ካለ ደግሞ ስልክ የማወራ መስዬ ቆሜ አሳልፈዋለሁ። ታዲያ የነገርኩት ሰው ሁሉ "ክብደት ቀንሺ፣ በእግርሽ ሂጂ" ይለኛል። በየትኛው እግሬ?

ራጅ ተነሳሁ። እኔ ሪህ ነው ብዬ ለወራት ሥጋ አቁሜ ነበር፤ ሐኪሙ ሳቀና "ሪህ ሌላ፣ ያንቺ ሌላ" አለኝ። አጥንቶቹ መሃል ያለው ልስልሱ ነገር መሳሳት ጀምሯል፣ ገና ጅምር ላይ ነው። ከዚያ እስካሁን ከጭንቅላቴ ያልወጣ ነገር ነገረኝ። አንድ ኪሎ ስትቀንሺ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበትሽ ላይ የሚያርፈው ጫና ወደ 4 ኪሎ ይቀንሳል አለኝ። እስከዛ ቀን ድረስ ሁለት ሦስት ኪሎ መቀነስ ዋጋ ያለው አይመስለኝም ነበር።

ወደ ዕቃው ልምጣ። ፋርማሲ ያየሁት ዋጋው እጥፍ ስለነበር መርካቶ የስፖርት ዕቃ ከሚሸጡት ሱቆች አንዱ ገባሁ። 1,100 ብር። ጥቁር፣ እንደ ዋናተኞች ልብስ ወፈር ያለ ላስቲክ ነገር ነው፣ ፊት ለፊት ለጉልበት ሎሚው ክብ ቀዳዳ አለው፣ ከላይና ከታች ጭርር እያለ የሚላቀቅ ማጣበቂያ። ሻጩ አየት አድርጎኝ "ላንቺ ኤክስ ኤል" አለኝ። በዓይኑ ለካኝ ማለት ነው። ቤት ደርሼ ባጠልቀው ጭኔ ላይ ቆመ። በግድ ጎትቼ አስገባሁት፤ በማግስቱ ይዤው ስመለስ ጣቱን ወደ ግድግዳው ቀሰረ፦ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም"። ይሄ ወረቀት የሌለበት ሱቅ አይቼ አላውቅም መቼም። አንድ ኮከብ እዚህ ጋ ቀነስኩ። እሱ ከዕቃው ይልቅ የሻጩ ጥፋት ነው፣ ግን ለማን ልቀንስ?

ለኔ ያልገባኝ ነገር ቁጥሩ በአገር በአገር እንደሚለያይ ነው። ያ "ኤክስ ኤል" ለኛ ጭን መካከለኛ ማለት ነበር። ሜትር ይዛችሁ ሂዱ፤ ከጉልበት ሎሚው መሃል ወደ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ለክታችሁ እዛ ጋ የጭናችሁን ዙሪያ ያዙ፣ ከዚያ ሳጥኑ ላይ ካለው ሰንጠረዥ ጋር አስተያዩት። ሰንጠረዥ ከሌለው አትግዙት። እኔ ሁለተኛውን የገዛሁት እንደዚህ ለክቼ ነው (አዎ፣ ሁለት ጊዜ ከፍያለሁ)፣ የማወራላችሁም ስለ ሁለተኛው ነው።

ደረጃ ላይ ለውጡ ወዲያው ነው የታየኝ። ሕመሙ አልጠፋም፣ ግን ያ ጉልበቴ አሁን ይከዳኛል የሚለው ፍርሃት ቀነሰ። ሞቅ ያደርገዋል፣ ጭብጥ አድርጎ ይይዘዋል፣ እግሬን ሳስቀምጥ አላመነታም። ሾላ ገበያ ዞሬ፣ ሽንኩርትና ድንች ተሸክሜ፣ ታክሲ ተሰልፌ ስመለስ ድሮ ማታውን እግሬን ሰቅዬ ነበር የምተኛው። አሁን ተመልሼ እራት እሠራለሁ።

በርጩማ ላይ ግን ዋጋ የለውም። ቡና ላፈላ በርጩማ ላይ ስቀመጥ ከጉልበቴ ጀርባ ተጣጥፎ ይቆነጥጠኛል፣ ስነሳ ደግሞ ያው እንደ ድሮዬ አንድ እጄን መሬት፣ አንድ እጄን ረከቦቱ ላይ። አንድ ቀን ረከቦቱን ከነሲኒው ይዤው ልወድቅ ነበር። አሁን ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው የማፈላው፣ እናቴ "ይሄ ደግሞ የቢሮ ቡና ነው" ትለኛለች። ትበል። በሰሙነ ሕማማትም ለስግደት ይረዳኛል ብዬ አድርጌው ሄጄ ነበር፤ ከሦስተኛው በኋላ አልቻልኩም። ንስሐ አባቴ "ልጄ፣ ያልቻለ ጎንበስ ብሎ ይሰግዳል" አሉኝና ገላገሉኝ።

አንድ የራሴን ጥፋት ልናገር። ቀን ከጠቀመኝ ሌሊትም ይጥቀመኝ ብዬ አድርጌው ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ከማሰሪያው በታች እግሬ አብጧል፣ ካልሲዬ አልገባ አለ፣ ጭኔ ላይ ክብ ምልክት። ሲተኙ ይወልቃል፣ አለቀ። ሲያጠብቁትም ጣት የማያስገባ ከሆነ በዝቷል ማለት ነው። በሙቀት ቀን ደግሞ ያልባል፣ ያሳክካል፣ በሦስተኛው ቀን ሽታው ሌላ ነው። ቀዝቃዛ ውኃ በሳሙና፣ በእጅ፣ ጥላ ላይ። ፀሐይ ላይ ያሰጣሁት የመጀመሪያው ላስቲኩ ተሰነጣጥቋል፣ ለነገሩ እሱን እንኳን አላዘንኩለትም።

አሁን ሻጩ ያልነገረኝን። ፊዚዮቴራፒ ስሄድ ልጅቷ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ማሰሪያውን ማስወለቅ ነው። ጭኔን ከጉልበቴ ከፍ ብላ ጫን ጫን አደረገችና "ይሄ ጡንቻ ሥራ ፈትቷል እኮ" አለችኝ። ጉልበቱን የሚይዘው እሱ ነው፣ ማሰሪያው እሱን አይተካም። የሰጠችኝ ሥራ ያስቃል፣ ጋቢ ጠቅልዬ ከጉልበቴ ሥር አደርግና እግሬን ዘርግቼ ወደ ታች እጫነዋለሁ፣ እስከ 5 ቆጥሬ እለቃለሁ፣ 15 ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ። ዜና እያየሁ የምሠራው ነገር ነው። ሁለት ሳምንት ምንም። ሦስተኛው ወይ አራተኛው ሳምንት ላይ ከሽንት ቤት መቀመጫ እጄን ሳልደገፍ ተነሳሁ፤ ለሰው የሚነገር ድል ባይሆንም እኔ ግን ስቄያለሁ።

እሷው ናት ደረጃ ያስተማረችኝ። ስትወጪ ጤነኛው እግር ይቀድማል፣ ስትወርጂ የታመመው ይቀድማል። ከዘራም ብይዝ በታመመው በኩል ሳይሆን በሌላኛው እጅ እንደሆነ ነገረችኝ፣ አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በተሳሳተው እጅ ነው የያዘው። የሕመም ማስታገሻውን ዲክሎፌናክ እንክብል እንደ ከረሜላ መዋጤን ስነግራት ተቆጣች። ጨጓራም ኩላሊትም ይነካል፣ ግፊት ላለበት ደግሞ ይብሳል፣ ሐኪምሽን ሳትጠይቂ እንዳትውጪ አለችኝ። አሁን ሲብስብኝ ቅባቱን እቀባለሁ።

ስለ ምግብ ብዙ አላወራም፣ ሁሉም ያወራል። እኔን ያከሳኝ የቡና ስኳር መቀነሴ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ በየሲኒው ሁለት ማንኪያ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ካፈላሁ 12 ማንኪያ! ይሄንን ቆጥሬ አላውቅም ነበር። እራት ላይ ሁለት የነበረው እንጀራ አንድ ሆነ። ጾም ስለሆነ ይቀንሳል ብዬ ፓስታ በዳቦ እበላ የነበረውንም ተውኩ። እንቅስቃሴ ደግሞ ሰፈር ያለ ጂም የቆመ ብስክሌት ላይ 15 ደቂቃ፣ ኮርቻውን ከፍ አድርጌ። ዝላይ ያለበት ኤሮቢክስ አንድ ቀን ሞክሬ ሦስት ቀን አነከስኩ፣ አሠልጣኙ ጎበዝ ልጅ ነው ግን ጉልበት ታሞ አያውቅም።

በ5 ወር 94 የነበረው 87 ሆኗል። ሐኪሙ እንዳለው ካባዛሁት በእያንዳንዱ እርምጃ 28 ኪሎ ያህል ከጉልበቴ ላይ ወርዷል፣ ከሩብ ኩንታል ጤፍ በላይ ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ የማሰሪያው ድርሻ? ደረጃውን ሳልፈራ እንድወርድና ጂም እንድደርስ አድርጎኛል። ሦስት ኮከብ ለዚህ ነው። ከዚያ በላይ የሰጠሁት ለጋቢዬ ነው።

ጎኑ ላይ ብረት ያለው ውድ ዓይነትም አለ፣ እሱን ሐኪም ሳያዝ አትግዙ። ቀዳዳ ያለው ተራው ይበቃል። ጉልበታችሁ ካበጠ፣ ከቀላ፣ ከተኮሰ ወይም አልታጠፍ ካለ ግን መርካቶን ተዉትና ሐኪም ጋ ሂዱ።

ሁለተኛ ፎቅ ያሉት እትዬ ትናንት ደረጃ ላይ አግኝተውኝ "እስቲ ያንቺን ለእሑድ አውሺኝ፣ ለቅሶ አለብኝ" አሉኝ። የኔ ይሰፋቸዋል። ማታ ሜትሬን ይዤ ልወርድ ነው።