ጫፉን አሳዩኝ፦ ስለ ጆሮ አሊጌተር ፎርሴፕስ

አዲስ ስልክ ሲወጣ ገምጋሚው ብዙ ነው። ጆሮ ውስጥ የሚገባ ፎርሴፕስ፣ ማለትም የሐኪም መቆንጠጫ፣ ግን ማን ይገመግመዋል? ካታሎግ ላይ ሁሉም ያምራል፣ ሁሉም ያብለጨልጫል፣ ሁሉም «ከፍተኛ ጥራት» ነው። እኔ ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ ስክራብ ነርስ ነኝ። ዕቃውን ለሐኪሙ የማቀብለው እኔ ነኝ። ሥራው ሲያልቅ የማጥበውም፣ በማጉያ መነጽር የምመረምረውም፣ በእንፋሎት ጀርም የሚገድለው ማሽን፣ አውቶክሌቭ ውስጥ የማስገባውም እኔው። ስለዚህ የዚህን ዕቃ ጠባይ ከሚሠሩበት ሐኪሞች ባላነሰ አውቀዋለሁ ብል ጉራ አይሆንብኝም።

የማወራው ሐርትማን ስለሚባለው ቀጥ ያለ አሊጌተር ፎርሴፕስ ነው። ስሙን ያገኘው በርሊን ውስጥ ይሠሩ ከነበሩት የጆሮ ሐኪም ከአርተር ሐርትማን ነው። ዛሬ ስሙ የአንድ ፋብሪካ ንብረት አይደለም። ጀርመን ቱትሊንገን ይሠራል፣ ፓኪስታን ሲያልኮት ይሠራል፣ ሌላም ቦታ ይሠራል። እኛ ጋ ያለው ዘንጉ 8 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፤ መንጋጋው ጥርስ አለው፤ ብረቱ ደብዘዝ ያለ ነው። የሠሪውን ስም አላነሳም። ከአንድ ሠሪ፣ በአንድ ካርቶን የመጡ ሁለት ፎርሴፕሶች ጠባያቸው ለየቅል ሲሆን አይቻለሁ። እያንዳንዱን በእጅ ይዞ መፈተን ነው የሚያዋጣው።

አሠራሩ ቀላል ይመስላል። ሁለት የጣት ቀለበት አለው። እጀታው ወደ ታች ዘንበል ያለ ነው፤ እጅ የሐኪሙን ዓይን እንዳይጋርድ። ዘንጉ ራሱ አይከፈትም። ከዘንጉ ጋር ተጣብቃ የምትንሸራተት ሌላ ቀጭን ዘንግ አለች። እጀታው ሲጨበጥ እሷ ትንቀሳቀስና ጫፍ ላይ ያለችውን ትንሽ መንጋጋ ትዘጋለች። የምትንቀሳቀሰው የላይኛዋ መንጋጋ ብቻ ናት። የታችኛዋ ቁጭ ብላ ትጠብቃታለች።

ይህ ለምን አስፈለገ? ተራው መቆንጠጫ እንዲከፈት ሁለት እግሩን ከኋላ ጀምሮ ማስፋት አለበት። የጆሮ ቦይ ደግሞ ለዚያ ቦታ የለውም። የአዋቂ ሰው ቦይ ርዝመቱ 2.5 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፣ ስፋቱም ሚሊሜትሮች ነው። በዚያ ላይ ስፔኩለም፣ ማለትም ጆሮ የሚታይበት ትንሽ ቀፎ፣ ይገባበታል። ሐኪሙ የሚያየውም፣ የሚሠራውም፣ ብርሃኑ የሚገባውም በዚያችው ቀዳዳ ነው። አሊጌተሩ የሚከፈተው እዚያ ውስጥ ከገባ በኋላ፣ ጫፉ ላይ ብቻ ነው። ለጆሮ የተመረጠውም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ይህን ዕቃ ጥሩ ወይም መጥፎ የሚያደርገው የመጨረሻዎቹ ጥቂት ሚሊሜትሮች ናቸው። የቀረው ሁሉ እጀታ ነው።

አዲስ ሲመጣ መጀመሪያ የማደርገው እንዲህ ነው። ወደ መብራት ዞሬ ቀስ እያልኩ እዘጋዋለሁ። ጥሩ ከሆነ መጀመሪያ የሚገናኘው የጫፉ ጫፍ ነው። ትንሽ ጫን ሲሉት ደግሞ ቀሪው ወደ ኋላ እየተከተለ ይገጥማል። መጥፎው ተቃራኒው ነው፤ ከኋላ ገጥሞ ፊት ለፊት ብርሃን ያሳልፋል። እንዲህ ያለውን ምንም ያህል ቢጨብጡት ጫፉ አይይዝም። እንዲያውም ባጠበቁት ቁጥር ከፊቱ ያለውን ነገር ወደ ውስጥ እየገፋ ይሸኘዋል። ጆሮ ውስጥ ወደ ውስጥ መግፋት ማለት ወደ ታምቡሩ መግፋት ነው።

ከዚያ ከፊት ለፊት አያለሁ። ሁለቱ መንጋጋዎች ሲገጥሙ አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ መዛነፍ የለባቸውም። ከዚያ ጫፉን በጣቴ ይዤ በጣም በቀስታ ነቅነቅ አደርገዋለሁ። ማጠፊያዋ ፒን ላይ ላልቶ የሚወዛወዝ ከሆነ ዛሬ ቢሠራ ነገ አይሠራም። በመጨረሻ ከጥጥ ላይ አንዲት ቀጭን ክር አስይዘውና እስባለሁ። ክሯ ሳታመልጥ ከመጣች አንጀት አርስ ነው! ካመለጠች ወደ ካርቶኑ ይመለስ።

እጀታው ላይ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ልስላሴ። አንዳንዱ መሀል ላይ ያዝ ያደርግና ድንገት ፈንጠር ይላል። ይህ ለጆሮ አይሆንም። የቦዩ የውጭው አንድ ሦስተኛ ለስላሳ አጥንት ነው፤ ኩክ የሚሠራውም እዚያ ነው፤ ትንሽ ይታገሳል። የውስጡ ሁለት ሦስተኛ ግን አጥንት ላይ የተለጠፈ ስስ ቆዳ ነው። ሲነካ ያማል፣ ቶሎም ይደማል። የታምቡሩ ውፍረት ደግሞ 0.1 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ሌላም አለ። በቦዩ ቆዳ ላይ ወደ ጉሮሮም የሚሄደው የቬገስ ነርቭ ቅርንጫፍ ያልፋል። አንዳንድ ሰው እዚያ ሲነካ ሳያስበው ያስለዋል። ሲያስል ጭንቅላቱ ይነቃነቃል። ፎርሴፕሱ በዚያች ሰዓት ውስጥ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ሙከራ የሚይዝ፣ በእጅ ላይ የማይዘል ዕቃ ነው የሚያስፈልገው።

የኛው በዚህ በኩል ጥሩ ነው። ጫፉ ይገጥማል፣ ይይዛል። አውቶክሌቭ ደጋግሞ ከገባ በኋላም አልላላም። ደብዘዝ ያለው ፊቱንም ወድጄዋለሁ። የሚያብረቀርቀው ዓይነት ጠረጴዛ ላይ ሲያዩት ሙሽራ ይመስላል። ማይክሮስኮፕ ሥር ሲገባ ግን መብራቱን መልሶ ዓይን ውስጥ ይረጨዋል። የጆሮ ቀዶ ሕክምና ከማይክሮስኮፕ ጋር የተዋወቀው በ1921 ነው፤ ስዊድናዊው ካርል ኦሎፍ ኒለን በአንድ ዓይን የሚታይበትን ማይክሮስኮፕ ይዘው ጀመሩት። በ1953 ደግሞ የዛይስ ኩባንያ ኦፒኤምአይ 1 የተባለው የቀዶ ሕክምና ማይክሮስኮፕ መጣ። ታዲያ ዛሬም መስታወት የሚመስል ፎርሴፕስ የሚሠራው ለማን እንደሆነ አይገባኝም።

ምን ላይ ይጠቅማል? ጥጥ፣ ወረቀት፣ የደረቀ የኩክ ቅርፊት፣ የሞተ ነፍሳት፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የተተወ የጋዝ (የቁስል ጨርቅ) ጥቅል፣ ታምቡሩ ላይ አየር እንዲያስገባ ተተክሎ የነበረና ወጥቶ ቦዩ ውስጥ የወደቀ ትንሽ ቱቦ። ባጭሩ ጠርዝ ያለው፣ የሚጨበጥ ነገር ሁሉ። ነፍሳቱ ግን የሞተ ይሁን ብያለሁ። በሕይወት ያለ በረሮ በፎርሴፕስ ሲነካ ወደ ውስጥ ነው የሚሮጠው፤ በሽተኛውም ይጮሃል። ሐኪሞቹ ታምቡሩ ደህና መሆኑን አይተው መጀመሪያ በዘይት ወይም ሊዶካይን በሚባለው ማደንዘዣ ይገድሉታል፤ ከዚያ እኔ ፎርሴፕሱን አቀብላለሁ።

የማይጠቅመው ክብና ለስላሳ ነገር ላይ ነው። አንድ ቀን አንድ ሕፃን ጆሮው ውስጥ ዶቃ ከትቶ መጣ። ተለማማጁ ሐኪም እጁን ዘረጋና «ሲስተር፣ አሊጌተሩን» አለኝ። አጠገቡ የቆሙት ዋናው ሐኪም «ተው፣ ይሸሽሃል» አሉት። እውነትም ይሸሻል። መንጋጋዎቹ ዶቃው ላይ ሲገጥሙ ያንሸራትቱትና ወደ ፊት ያስፈነጥሩታል። ጠባቡን የቦይ ክፍል ካለፈ ደግሞ ማውጣቱ ሌላ ጣጣ ነው፤ ሕፃኑን በሰመመን ማስተኛት ሊያስፈልግ ይችላል። ሁክ፣ ማለትም ጫፉ የታጠፈ ቀጭን መንጠቆ፣ አቀበልኩ። ሐኪሙ ጫፉን በዶቃው ጎን አሳልፈው ከኋላው አዞሩትና ወደ ውጭ ሳቡት። ዶቃው ጨርቁ ላይ ወደቀ። ልጁ እንኳን ማልቀስ፣ ዶቃዬን ስጡኝ አለ።

ስለ ቁልፍ ባትሪ አንድ ነገር ካላልኩ ይቆጨኛል። እነዚያ ትንንሽ ክብ ባትሪዎች ጆሮ ውስጥ ከገቡ በሰዓታት ውስጥ ሥጋ ያቃጥላሉ። እዚያ ላይ ውሃም ጠብታም አይጨመርም፤ ጊዜም አይሰጥም። የትኛው ፎርሴፕስ ይሻላል ብሎ መከራከሪያ አይደለም፤ ሩጫ ነው።

ሥጋ ነገር ከሆነ የሚነሳው፣ ማለትም ፖሊፕ (የበቀለ ትርፍ ሥጋ) ወይም ለምርመራ የሚቆረጥ ናሙና ከሆነ፣ አሊጌተሩን መልሼ ጫፉ እንደ ማንኪያ የጎደጎደውን ካፕ ፎርሴፕስ አቀብላለሁ። እሱ በንጽሕና ይቆርጣል። ጥርስ ያለው ግን ይዞ ይጎትታል። ጆሮ ውስጥ ደግሞ ሥሩ ያልታየ ነገር አይጎተትም። ፖሊፑ ከጀርባ ምን ላይ እንደተንጠለጠለ አይታወቅም። ምናልባት 3 ሚሊሜትር ገደማ በሆነችው ስቴፒስ አጥንት ላይ ሊሆን ይችላል። የሰውነት ትንሿ አጥንት ናት።

አሁን ደግሞ ቅሬታዬን ልናገር። የኛው ፎርሴፕስ አይፈታም። በሁለቱ ዘንጎች መካከል ያለችው ክፍተት ደም ትደብቃለች። ኩክም ትደብቃለች። ብሩሽ በደንብ አይገባትም። አንዳንድ ሠሪዎች የሚፈታ ወይም ውሃ የሚገፋበት ቀዳዳ ያለው ይሠራሉ። ይህኛው የለውም። እኔ የማደርገው ከሥራው እንደወጣ፣ ደሙ ሳይደርቅ፣ ኢንዛይም ባለው ማጠቢያ ውስጥ መንጋጋውን ከፍቼ መንከር ነው። እዚያው ውስጥ እንዳለ ደጋግሜ እከፍተዋለሁ፣ እዘጋዋለሁ። ከክፍተቷ ደመና የመሰለ ቡናማ ነገር ቀስ እያለ ይወጣል። አሁንስ ጠራ ሲሉት እንደገና ይወጣል። ከዚያ አልትራሳውንድ ማጠቢያ፣ ከዚያ በተጣራ ውሃ ማለቅለቅ፣ ከዚያ በአየር ማድረቅ። ማጠፊያዋን በውሃ በሚሟሟ የመሣሪያ ቅባት እነካካታለሁ። የማሽን ዘይት አይሆንም፤ እንፋሎት ዘይት አልፎ አይገባም። አውቶክሌቭ ውስጥም መንጋጋው ተከፍቶ ይገባል፤ 134 ዲግሪ ላይ ቢያንስ 3 ደቂቃ፣ ወይም 121 ላይ 15 ደቂቃ።

በረኪና ውስጥ የሚዘፈዝፉትን አይቻለሁ። እባካችሁ! ብረቱ ስቴንለስ ነው ተብሎ የልብ ልብ አይሰማችሁ። ለእንዲህ ያለ ዕቃ የሚመረጠው ጠንከር ያለው ዓይነት ነው፤ ክሮሚየሙ 13 በመቶ አካባቢ ነው። ክሎሪን ይቦረቡረዋል። ሳላይን፣ ማለትም የሕክምና የጨው ውሃ፣ ውስጥ ማቆየትም እንደዚያው ነው። መጀመሪያ የሚበላው ደግሞ ያችኑ ጥርስና ማጠፊያ ነው።

ሌላው፣ ይህ ዕቃ አይዋስም። አንድ ጊዜ ሌላ ክፍል ተውሶት ሄደ። የመምጠጫ ቱቦ ውስጥ የተቀረቀረ ነገር ጎትተውበት መለሱት፤ ያውም አመስግነው። ጫፉ ወደ ቀኝ ተጣሞ ነበር። ተንሸራታቿ ዘንግ ቀጭን ናት፣ ፒኗም የመርፌ ጫፍ ታክላለች። ጉልበት አይወዱም። ሽቦ ለመጠምዘዝ ወይም መርፌ ለመያዝ የሚጠቀሙበትም አሉ፤ ለሱ የራሱ ዕቃ አለው። ከዚያ ወዲህ በሲሊኮን ቆብ ጫፉን ሸፍኜ፣ ስሙን ጽፌ፣ ለብቻው ነው የማስቀምጠው።

ኢንተርኔት ላይ ከትንሽ ካሜራ ጋር አድርገው ለቤት የሚሸጡትም አሉ። ካሜራው ጥልቀት አያሳይም። የራስን ጆሮ በራስ እጅ መሥራት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። አትግዙት፤ በቃ።

ለጆሮ ክሊኒክ ግን ብያኔዬ ከ5 ለ4 ነው። አንዷን የቀነስኩት ለዚያች የማትታጠብ ክፍተት ነው። አምስት መናኛ ከመግዛት ሁለት ደህና መግዛት ይሻላል፤ አንዱ አውቶክሌቭ ውስጥ ሲሆን አንዱ እጅ ላይ እንዲሆን። ስታዝዙ ይፈታል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ለሕፃናት ከሆነ መንጋጋው ቀጠን ያለውን ምረጡ። የእጀታውን ቀለበትም ጓንት አድርጋችሁ ሞክሩት። ትልቅ እጅ ያላቸው አንድ ሐኪማችን የዚህኛው ይጠብባቸዋል፤ ጨርሰው ሲያወጡት ጓንቱንም አብሮ ይስብባቸዋል።