መሰንቆን ከኪቦርድና ከከበሮ እኩል ማሰማት፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ የፓራ አኩስቲክ ዲ አይ ግምገማ

ባሕር ዳር ውስጥ በሠርግ ድንኳንና በባህል ምሽት ቤት መሰንቆ የሚጫወት ሰው ችግሩን በሚገባ ያውቀዋል፤ ኪቦርዱ፣ ቤዝ ጊታሩና ከበሮው በትልልቅ ስፒከር ሲለቀቁ መሰንቆው ይዋጣል፣ ድምፁ ከፍ ሲደረግ ደግሞ ይጮሃል። ኤል አር ባግስ የሚያመርተውን ፓራ አኩስቲክ ዲ አይ የተባለ ፕሪአምፕ (የፒካፕን ደካማ ሲግናል ለሚክሰር የሚያዘጋጅ ዕቃ) ካለፈው የጥር ሠርግ ወቅት ጀምሮ ስም ከሌለው ርካሽ ፒኤዞ ፒካፕ (ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ ሲግናል ከሚቀይር ተለጣፊ ዕቃ) ጋር እየተጠቀምሁበት ነው። ገንዘብ ሊወጣበት ይገባል የምለው ድምፅ ስለሚያጎላ ሳይሆን፣ ጩኸት የሚያስነሣውን ጠባብ የድምፅ ክፍል ለይቶ መቀነስ ስለሚችል ነው።

ጩኸቱ የሚነሣው ከስፒከሩ የወጣው ድምፅ የመሰንቆውን ቆዳ መልሶ ሲያንቀጠቅጠው፣ ፒካፑም ያንኑ ንዝረት ወደ ሚክሰሩ ሲመልሰው ነው፤ የተወጠረ ቆዳ ደግሞ የራሱ የሆነ ድምፅ ስላለው ጩኸቱ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው በዚያው ድምፅ ላይ ነው። ብዙ የሳውንድ ባለሙያዎች በዚህ ጊዜ ቤዙን በሙሉ ይቆርጡታል፤ ያኔ የሚቀረው የደጋኑ ፍትጊያ ብቻ ነው። በዚህ ዕቃ ላይ ያለው ኖች ፊልተር ግን አንዲቱን ድምፅ ብቻ ስለሚያወርድ የመሰንቆው ወፍራም ድምፅ አይጠፋም። እኔ መሰንቆውን ስጫወት እንደምይዘው አድርጌ በጉልበቶቼ መካከል እይዘዋለሁ፤ ጉልበትና ክንድ የሣጥኑን ንዝረት ስለሚያፍኑት ወንበር ላይ አስቀምጦ ማስተካከል ትክክለኛውን ውጤት አያሳይም። ከዚያም ጭራውን ሳልነካ ማጉረምረም እስኪጀምር ድረስ ጌይኑን (የሲግናሉን ማጉያ ቁልፍ) በቀስታ ከፍ አደርጋለሁ፤ የኖቹንም ቁልፍ ጉርምርምታው እስኪጠፋ አዞረዋለሁ።

በአጭር ጊዜ ሙከራ የማይታየው ነገር ይህ የቆዳው ድምፅ ቋሚ አለመሆኑ ነው። በክረምት፣ በተለይም ከጣና ዳር ባሉ ቤቶች፣ ቆዳው እርጥበት ሲስብ ይረግባል፣ ድምፁም ይወርዳል፤ በበጋ ቀትር ደግሞ ይወጠርና ድምፁ ከፍ ይላል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ በደረቁ የተስተካከለ ኖች ማታ ዝናብ ሲጥል ቦታውን ይስታል። መድረክ ከመውጣቴ በፊት ሁልጊዜ እንደገና የማስተካክለው ለዚህ ነው፤ ቁልፉ በእጅ የሚዞር በመሆኑም ሥራው ጊዜ አይፈጅም።

ፌዝ መገልበጫው፣ ማለትም የድምፁን ሞገድ ገልብጦ ጩኸቱን ሊያበርድ የሚችለው ቁልፍ፣ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ወሰን አለው። በ200 ኸርዝ የአንድ ሞገድ ርዝመት 1.7 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ከስፒከሩ ያለኝ ርቀት የዚያን ግማሽ ያህል ሲለወጥ ቀድሞ ጩኸቱን ያበረደው አቀማመጥ ሊያባብሰው ይችላል። ተቀምጦ ለሚጫወት ሰው ጥሩ ነው፤ በእንግዶች መካከል እየተዘዋወረ ስንኝ ለሚቀበል አዝማሪ ግን ብዙም አያስተማምንም።

ፒኤዞ ፒካፕን በቀጥታ ወደ ሚክሰር መሰካት ድምፁን የሚያሳጣው የሚክሰሩ ላይን መግቢያ ዝቅተኛ ኢምፒዳንስ (ለሲግናሉ ያለው የኤሌክትሪክ ተቃውሞ) ስላለው ነው። የዚህ ዕቃ መግቢያ 10 ሜጋኦም በመሆኑ ወፍራሙ የቤዝ ድምፅ ሳይጎድል ያልፋል። በ9 ቮልት ባትሪ ወይም ከሚክሰሩ በማይክ ገመድ በኩል በሚመጣ 48 ቮልት ኃይል (ፋንተም ፓወር) ይሠራል፤ ባትሪ መድረክ ላይ እንዳያልቅ ስለምፈልግ ፋንተሙን እመርጣለሁ።

ርካሹ ፒካፕ ግን ከፕሪአምፑ ጋር የሚመጣጠን ዕቃ አይደለም፤ ሽቦው ከጃኩ ጋር የተበየደበት ቦታ ተላቅቆ እንደገና ማስበየድ ግድ ሆኖብኛል። ቆዳው ላይ የማጣብቀው በንጹሕ የማር ሰም ነው፤ ያለ ጉዳት ይነሣል፣ ንዝረቱንም በደንብ ያስተላልፋል፤ በሞቃት የመድረክ መብራት ሥር ግን ስለሚለሰልስ በየዕረፍቱ በጣት መጫን ያስፈልጋል። ከቆዳው መሃል ይልቅ ወደ ጠርዙ ጠጋ ብሎ ሲለጠፍ ጩኸቱ ዘግይቶ ይነሣል።

ክራር ላይም ሞክሬው በዚሁ መንገድ በሚገባ ሠርቷል። ዋሽንት ግን ፒካፕ የሚለጠፍበት ቆዳ ስለሌለው ማይክ ያስፈልገዋል፤ ማይኩ ካርዲዮይድ (ከቀጥታ ኋላው የሚመጣን ድምፅ እጅግ የሚቀንስ) ከሆነ ሞኒተሩ (ወደ ተጫዋቹ የዞረው ስፒከር) በቀጥታ ከማይኩ ኋላ፣ ሱፐርካርዲዮይድ (ከፊት ይበልጥ ጠባብ ክፍል የሚሰማ) ከሆነ ደግሞ ከማይኩ ፊት 125 ዲግሪ ያህል ዞር ብሎ መቀመጥ አለበት።