ሃያ ፕሮቶን በአንድ ሳጥን፦ የአቶም ሞዴል መሥሪያ በ9ኛ ክፍል ሲፈተን

ባለፈው መስከረም ትምህርት ሊጀመር ሲል ከደብረ ሲና ወደ ደብረ ብርሃን ወጥቼ ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር የአቶም ሞዴል መሥሪያ ሳጥን በ1,400 ብር ገዛሁ። የ9ኛ ክፍል ኬሚስትሪ ባስተማርሁባቸው ዓመታት ሁሉ የአቶምን አወቃቀር በጠመኔና በሰሌዳ ብቻ ሳስረዳ ስለ ኖርሁ፣ ተማሪው በእጁ የሚይዘው ነገር ቢያገኝ ምን እንደሚለወጥ ለማየት ጓጉቼ ነበር። አንድ ሙሉ ሴሚስተር ከሠራሁበት በኋላ የደረስሁበት ፍርድ፣ ሳጥኑ ለመቁጠር እጅግ ጥሩ መሆኑን፣ ስለ መጠንና ስለ ክብደት ግን ክፉኛ እንደሚያሳስት ነው። መምህሩ ይህን ሁለተኛውን ጉዳይ በመጀመሪያው ቀን ካልተናገረ፣ ተማሪው በቀላሉ የማይለቀው የተሳሳተ ሥዕል ይዞ ይሄዳል።

በሳጥኑ ውስጥ ፕሮቶን የሚባሉ 20 ቀይ ኳሶች፣ ኒውትሮን የሚባሉ 20 ነጭ ኳሶች፣ ኤሌክትሮን የሚሆኑ 20 ትናንሽ ሰማያዊ ዶቃዎች፣ ኳሶቹ የሚከማቹበት አንድ ጎድጓዳ ማስቀመጫ፣ አራት የሽቦ ቀለበቶችና አንድ ቀጭን መምሪያ አሉ። ኳሶቹ ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠሩ በመሆናቸው ከጠረጴዛ ላይ ደጋግመው ቢወድቁም አንዳቸውም አልተሰነጠቁም። ቀለበቶቹ ግን ከሁለት ወር በኋላ መጣመም ጀምረዋል።

የሳጥኑ ትልቁ ጥቅም የአቶም ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ያለ ብዙ ንግግር ማስረዳቱ ነው። ተማሪዎቹ ስድስት ቀይና ስድስት ነጭ ኳስ አከማችተው ካርቦን ከሠሩ በኋላ አንድ ነጭ ጨምሩ አልኋቸው፤ ካርቦን 13 ሆነ። ሌላ ነጭ ጨመሩና ካርቦን 14 ሆነ፤ ስሙ ግን አሁንም ካርቦን ነው። ቀጥሎ አንዱን ነጭ በቀይ ሲለውጡት ካርቦን መሆኑ አበቃና ናይትሮጅን ሆነ። የንጥረ ነገሩን ማንነት የሚወስነው የፕሮቶኑ ቁጥር ብቻ ስለ መሆኑ ለዓመታት ስናገር ኖሬያለሁ፤ ነገር ግን ተማሪዎቹ ይህን በእጃቸው ለውጠው ያዩበት ቀን፣ በፈተና ላይ የአቶም ቁጥርን (የፕሮቶኖቹን ብዛት) እና የክብደት ቁጥርን (የፕሮቶኖቹንና የኒውትሮኖቹን ድምር) የሚያምታቱት ልጆች በግልጽ ቀነሱ።

ከሁሉ ይበልጥ የረዳን በክሎሪን ላይ ነው። በ17 ቀይና በ18 ነጭ ኳስ ክሎሪን 35ን ሠራን፣ ሁለት ነጭ ጨምረን ክሎሪን 37ን ሠራን፤ የሳጥኑ ነጭ ኳሶችም ልክ በዚሁ አለቁ። በተፈጥሮ ከሚገኘው ክሎሪን ሦስት አራተኛው ያህል የመጀመሪያው፣ አንድ አራተኛው ያህል ደግሞ ሁለተኛው ስለሆነ፣ ሦስት ጊዜ 35ንና አንድ ጊዜ 37ን ደምረን ለአራት ስናካፍል 35.5 አገኘን። በንጥረ ነገሮች ወቅታዊ ሠንጠረዥ (ፔሪዮዲክ ቴብል) ላይ የተጻፈው 35.45 ከየት እንደመጣ፣ ግማሽ ኒውትሮን የሚባል ነገር ሳይኖር ቁጥሩ እንዴት ነጥብ ሊኖረው እንደቻለ ተማሪዎቹ ራሳቸው አስረዱኝ።

ጉድለቶቹ የሚጀምሩት ከቁጥሩ ጣሪያ ነው። መምሪያው እስከ ካልሲየም ድረስ ያሉትን 20 ንጥረ ነገሮች መሥራት እንደሚቻል ይናገራል፤ ሆኖም በብዛት የሚገኘው አርጎን 22 ኒውትሮን ስላለው ሁለት ነጭ ኳስ ያጥራል። ይህ ትንሽ ነገር ነው። ይበልጥ ያሳዘነኝ ጨውን መሥራት አለመቻሉ ነው። በአንኮበር ሥር ያለው አልዩ አምባ በ19ኛው መቶ ዘመን ከአፋር የሚመጣው ጨው የሚራገፍበት ገበያ ነበርና፣ አሞሌ እንደ ገንዘብ ያገለገለበት አገር ልጆች ሶዲየም ውጫዊ ኤሌክትሮኑን ለክሎሪን ሲሰጥ በእጃቸው ቢያዩት ደስ ባለኝ። ሶዲየም 11፣ ክሎሪን 17 ኤሌክትሮን ስላላቸው በድምሩ 28 ዶቃ ያስፈልጋል፤ በሳጥኑ ያለው 20 ብቻ ነው። ስለዚህ ለዚያ ትምህርት ሁለተኛ ሳጥን መዋስ ግድ ሆነብኝ።

መምሪያው አንድ ከባድ ስሕተት አለበት። የፖታሲየምን 19 ኤሌክትሮኖች ከውስጥ ወደ ውጭ በሚደረደሩባቸው እርከኖች 2፣ 8፣ 9 ብሎ ደርድሯቸዋል፤ ትክክለኛው 2፣ 8፣ 8፣ 1 ነው። ሦስተኛው እርከን እስከ 18 የመያዝ አቅም እንዳለው የተማረ ልጅ በመምሪያው ቢታለል አይፈረድበትም። ነገር ግን በፖታሲየም ውስጥ የአራተኛው እርከን የመጀመሪያ ቦታ ከሦስተኛው ቀሪ ቦታዎች ያነሰ ኃይል ስለሚጠይቅ 19ኛው ኤሌክትሮን ወደዚያ ይገባል፤ ፖታሲየም እንደ ሶዲየም አንድ ኤሌክትሮን በቀላሉ የሚለቅ ብረታማ ንጥረ ነገር (ሜታል) የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ይህ ገጽ ሳይታረም ተማሪ እጅ መግባት የለበትም።

አሁን ወደ መጠኑ ልምጣ። በመምሪያው መጨረሻ ባለው የቃላት መፍቻ ኒውክለስ፣ ማለትም ፕሮቶኖቹና ኒውትሮኖቹ የተከማቹበት የአቶሙ መካከል፣ «አስኳል» ተብሏል፤ ቃሉ በአማርኛ የተለመደ ስለሆነ አልቃወመውም። ይሁንና ተማሪ አስኳል ሲባል የሚያስበው የእንቁላሉን ነው፤ የእንቁላል አስኳል ደግሞ በእንቁላሉ ውስጥ ሰፊ ቦታ ይይዛል። በሳጥኑም የካርቦን ኳሶች ሲከማቹ ቡጢ ያህላሉ፣ ውጫዊው ቀለበት ከዚያ የሚርቀው አንድ ስንዝር እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ ቃሉና ሞዴሉ አንዱ የሌላውን ስሕተት ያጸናሉ። ይህን ለማረም ተማሪዎቹን ወደ ሜዳ አወጣኋቸውና አንዲት የጤፍ ፍሬ በነጭ ወረቀት ላይ አኑሬ የካርቦን አስኳል ናት አልኋቸው። ፍሬዋ አንድ ሚሊ ሜትር ብትሆን የአቶሙ ዳርቻ በየአቅጣጫው 15 ሜትር ያህል ይርቃል፤ ልጆቹ ያንን ለክተው በክብ ሲቆሙ ክቡ ከተለመደው አውድማ ሰፋ። አንዲት ልጅ ከዳር ሆና፣ «ቲቸር፣ ታዲያ በመካከሉ ያለው ምንድን ነው?» አለችኝ። ከኤሌክትሮኖቹ በቀር ባዶ መሆኑን ስነግራት፣ የፊዚክስ ሊቁ ራዘርፎርድ እ.ኤ.አ. በ1911 አስኳል አለ ወደሚል መደምደሚያ የደረሰበትን የወርቅ ቅጠል ሙከራ ለማስረዳት ከዚያ የተሻለ ጊዜ አላገኘሁም። ወደ ቅጠሉ የተተኮሱት ፖዘቲቭ ሙል ያላቸው የአልፋ ቅንጣቶች አብዛኞቹ በቀጥታ ያለፉት፣ እጅግ ጥቂቶቹ ብቻ ወደ ኋላ የተመለሱት ለምን እንደሆነ ልጆቹ ጤፏን እያዩ መለሱልኝ።

በክብደትም እንዲሁ ነው። ዶቃው የኳሱን አንድ አምስተኛ ያህል ይመዝናል፤ በእውነቱ ግን ፕሮቶን ከኤሌክትሮን 1,836 ጊዜ ይከብዳል። ፕሮቶኑን አንድ ኩንታል የምንጃር ጤፍ ብናደርገው ኤሌክትሮኑ 54 ግራም ገደማ፣ ማለትም አንድ ጭብጥ ጤፍ ይሆናል። የአቶሙ ክብደት ከ99.9 በመቶ በላይ በዚያች በጠበበች አስኳል ውስጥ ነው።

የሽቦ ቀለበቶቹ ኤሌክትሮኖች በተወሰኑ ክቦች ላይ ይዞራሉ የሚለውን የፊዚክስ ሊቁን የቦርን የ1913 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል የሚከተሉ ናቸው፤ እርከኖችን ለማስቆጠር ይበቃሉ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ኤሌክትሮን በተወሰነ መስመር ላይ የሚዞር ነገር ተደርጎ አይታይም፤ ሊገኝ የሚችልበት ቦታ እንደ ደመና የሚሳል ነው። እኛ ዘንድ ይህን ለማስረዳት የጣርማ በርን ጉም መጥቀስ ይበቃል፤ የት ላይ እንደሚወፍርና የት ላይ እንደሚሳሳ መናገር ይቻላል፣ ድንበሩን ግን በሽቦ ማጠር አይቻልም። መምሪያው ስለዚህ አንድ መስመር እንኳ አልጻፈም።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሳጥኑን በመግዛቴ አልተጸጸትሁም፤ ለሥራ ባልደረቦቼም እንዲገዙት ነግሬያቸዋለሁ። የሚገዛ መምህር ቢችል ሁለት ሳጥን ይግዛ፤ ከመደብሩ ሳይወጣ ዶቃዎቹን ይቁጠር፤ የፖታሲየምን ገጽም አውጥቶ በእስክርቢቶ ያርም። እኔ የጎደሉትን ሁለት ነጭ ኳሶች ከደብረ ሲና ገበያ በገዛኋቸው የፕላስቲክ ኳሶች ተክቻለሁ፤ ጤፏንም በትንሽ ብልቃጥ አድርጌ እዚያው ሳጥኑ ውስጥ አኑሬያታለሁ።