በቤት የተሠራ የጊታር ስፒከር ሳጥን ከ10 ወር በኋላ፦ ሌዘሩ፣ ማስቲሹ፣ ማዕዘኖቹና እጀታው

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በገዛ እጄ ሠርቼ የጨረስኩት የጊታር ስፒከር ሳጥን እነሆ 10 ወር ሞላው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሥራ ከቀዘቀዘባቸው ሳምንታት በስተቀር፣ በየሳምንቱ ሁለት ምሽት በታክሲ እየተጫነ ወደምጫወትበት ሆቴል ሲመላለስ ስለቆየ፣ የትኛው ዕቃ እንደጸናና የትኛው እንዳልጸና አሁን ደፍሬ መናገር እችላለሁ። ስለ ድምፁ ብዙ አልጽፍም፤ ውስጡ ያለው ባለ 12 ኢንች፣ 8 ኦም የሴሌስቲዮን ቪንቴጅ 30 ስፒከር ለጊታር ተጫዋቾች እንግዳ አይደለም። የምገመግመው ከ18 ሚሊሜትር ፕላይውድ የተሠራውን ሳጥን ያለበስኩበትንና ያጠናቀቅኩበትን ዕቃ ነው።

የአሜሪካው ጊታርና አምፕሊፋየር አምራች የፌንደር አምፕሊፋየሮች እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ ትዊድ የሚባለውን የጥጥ ጨርቅ እየተዉ የለበሱት ቶሌክስ፣ ጀርባው ጨርቅ የሆነ ጠንካራ ቪኒል ነው። እሱን ፈልጌ ስላጣሁ ከመርካቶ በሜትር የሚሸጠውን ጥቁር የመኪና ወንበር ሌዘር ገዛሁ፤ እሱም ፊቱ ቪኒል የሆነ ሰው ሠራሽ ሌዘር ነው። ከሩቅ ላየው ሰው ሁለቱን መለየት ይከብደዋል፤ ልዩነቱ ያለው ጀርባቸው ላይ ነው። የቶሌክስ ጀርባ እምብዛም የማይሳብ ሽምን ጨርቅ ሲሆን፣ የእኔው ሌዘር ግን ጀርባው እንደ ካናቴራ ይለጠጣል። ይህ መለጠጡ በመጀመሪያው ቀን በጣም ጠቅሞኛል፤ በተሞረዱት ጠርዞች ላይ ሌዘሩ ያለ አንዳች ጭምድድ ተጠቀለለልኝ። በሁለተኛው ወር ግን ከመጠን በላይ ወጥሬ የቆረጥኩት የኋላ ማዕዘን ቀስ በቀስ ተሰብስቦ 2 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት ተወ፣ ከሥሩም ነጩ እንጨት ታየ። ስለዚህ በዚህ ሌዘር የሚሠራ ሰው ሳይወጥር አሳርፎ እንዲለጥፈው፣ ከማልበሱም በፊት ማዕዘኖቹን ጥቁር ቀለም እንዲቀባቸው አጥብቄ እመክራለሁ። ከዚህ ውጭ ሌዘሩን አመሰግነዋለሁ፤ የሐምሌ ዝናብ መትቶት ስገባ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ሳደርገው እንደ አዲስ ይሆናል።

ማጣበቂያው ጫማ ሰሪዎች የሚጠቀሙበት ማስቲሽ ነው። ሽታው ከባድ ስለሆነና ጤናም ስለሚጎዳ የሠራሁት በረንዳ ላይ ነው። እንጨቱንና የሌዘሩን ጀርባ ሁለቱንም ቀብቶ፣ ጣት ሲያርፍበት ተከትሎ የማይመጣ እስኪሆን መታገሥ ያስፈልጋል፤ አንዴ ከተገናኙ በኋላ አላቅቆ ማስተካከል አይቻልምና። በላይ፣ በጎንና በፊት በኩል እስከ ዛሬ አንድም ቦታ አልተነሣም።

የተነሣው ከታች ያለው መጋጠሚያ ነው። ሌዘሩ ሳጥኑን ዞሮ ሲመጣ ሁለቱን ጫፎች 3 ሴንቲሜትር ያህል አደራርቤ ለጥፌ ነበር፤ በአራተኛው ወር የላይኛው ጫፍ እንደ ደረቀ ቅጠል ተጠቀለለ። ማስቲሽ እንጨትንና ጨርቅን አጥብቆ ቢይዝም የቪኒልን ፊት ግን እንደዚያ አይዝም፤ ቪኒሉን የሚያለሰልሰው ዘይት መሰል ነገር እየወጣ ማጣበቂያውን ያላላዋል። ጥገናው ግን ቀላል ሆኖ አገኘሁት፦ ሁለቱን ጫፎች እንደተደራረቡ የብረት ማስመሪያ ጫንኩባቸው፣ በአዲስ ምላጭ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ቆረጥኩ፣ ከላይና ከሥር የተረፈውን ቁራጭ አውጥቼ እንደገና ማስቲሽ ቀባሁ። ጠርዞቹ ግጥም አሉ፤ መስመሩን የማገኘው በጥፍሬ ስዳስሰው ብቻ ነው። ይኸው ስድስተኛ ወሩ ነው፣ ንቅንቅ አላለም።

ስፒከሩን ከፊት ለመሸፈን መጀመሪያ የወጠርኩት ጥቁር የተነከረ አቡጀዲ ነበር። ቀጫጭኖቹን ድምፆች አፈናቸው፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ረገበ። ጨርቅ የምትገዙ ሰዎች አፋችሁን አስጠግታችሁ ተንፍሱበት፤ ትንፋሹ በወዲያኛው በኩል መዳፋችሁን በደንብ ካልነካው ለስፒከር አይሆንም። አሁን ያለው ሳሳ ብሎ የተሸመነ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ነው፣ ምንም እንከን አላገኘሁበትም።

በጣም የማዝነው በእጀታው ነው። ሳጥኑ ከነስፒከሩ ወደ 17 ኪሎ ሲመዝን እጀታውን በአጫጭር የእንጨት ብሎን ብቻ ማሰሬ ትልቅ ስህተት ነበር፤ በሦስተኛው ወር የሆቴሉን ደረጃ ስወጣ አንደኛው ጫፍ ተነቅሎ ሳጥኑ በማዕዘኑ ወደቀ። ያተረፈው ከምናለሽ ተራ የገዛሁት የማዕዘን ብረት ነው፤ እሱ ጎደጎደ እንጂ እንጨቱ አልተሰነጠቀም። አሁን እጀታውን የያዙት እንጨቱን አልፈው ውስጥ በሰፊ ሮንዴላና በዳዶ የታሠሩ ብሎኖች ናቸው። የማዕዘን ብረቶቹ ግን ሌላ ጣጣ ነበራቸው፦ የጊታሩን አምስተኛ ክር ክፍት (በጣት ሳልጫነው) በመታሁ ቁጥር አንድ ቀጭን መንዘርዘር ይሰማ ነበር። ስፒከሩን ስጠረጥር ሁለት ሳምንት ከቆየሁ በኋላ፣ ብረቶቹን ተራ በተራ በጣቴ እየተጫንኩ ስመታ አንዱ ላይ ድምፁ ቆመ። ከአሮጌ የብስክሌት የውስጥ ጎማ ቆርጬ ከሁሉም ሥር አነጠፍኩ፤ ከዚያ ወዲህ ተመልሶ አልመጣም።

አንድ ያልፈታሁት ነገር ቀርቷል። የሳጥኑን ውስጥ ቫርኒሽ ሳልቀባው በመተዌ፣ ዘንድሮ ክረምት ከኋላ የታችኛው የፕላይውድ ጠርዝ እርጥበት ጠጥቶ ትንሽ አብጧል፣ የኋላው ክዳንም አሁን የሚገባው በግፊት ነው። ጥቅምት ላይ አየሩ ሲደርቅ ስፒከሩን አውጥቼ፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ ሁለት እጅ ቫርኒሽ እቀባዋለሁ።