የበርሊን ማራቶን ለመንገድ ዳር ተመልካች

በመጸው መግቢያ አውሮፓ ውስጥ የሚገኝና አንድ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ያለው ሰው የት ልሂድ ብሎ ቢጠይቀኝ ሳላመነታ የምጠቁመው በርሊንን ነው፤ ያውም ማራቶኗ በሚሮጥበት ሳምንት። ውድድሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚካሄደው በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር የመጨረሻ እሑድ ስለሆነ በእኛ አቆጣጠር ከደመራና ከመስቀል በዓል ብዙም ሳይርቅ ይውላል። ስለ በርሊን ማራቶን ሲነሳ የሚወራው በአመዛኙ አሸናፊዎቹ ስለሚያስመዘግቡት ሰዓት ነው። እኔ እዚህ ላይ የምመዝነው ግን የሩጫ ጫማ ሳያጠልቅ መንገድ ዳር ለሚቆመው ተመልካች ዝግጅቱ ምን ያህል እንደሚመች ነው። ካየኋቸው የአውሮፓ የስፖርት ዝግጅቶች መካከል ለተመልካች የዚህን ያህል ለጋስ የሆነ አላጋጠመኝም፤ ሆኖም ይህን ልግስና በሙሉ ለማግኘት የት መቆምና መቼ ቦታ መቀየር እንደሚሻል አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

ውድድሩ እ.ኤ.አ. በ1974 ሲጀመር በምዕራብ በርሊን፣ በግሩነቫልድ ጫካ አጠገብ የተካሄደ አነስተኛ ሩጫ ነበር፤ ርቀቱን የጨረሱትም 244 ሰዎች ብቻ ነበሩ። በ1981 ወደ መሀል ከተማ ገባ። በ1990 ደግሞ ሁለቱ ጀርመኖች በይፋ ሊዋሐዱ ሦስት ቀን ሲቀራቸው ሯጮቹ ለመጀመሪያ ጊዜ በብራንደንቡርግ በር ሥር አልፈው ወደ ምሥራቁ የከተማ ክፍል ዘለቁ። ከተማዋን ለሁለት ከፍሏት የነበረው የበርሊን ግንብ የቆመበት መስመር ዛሬም በመሬቱ ላይ ጎን ለጎን በተደረደሩ ሁለት ረድፍ ድንጋዮች ተለይቶ የሚታይ ሲሆን ፖትስዳመር ፕላትስ አካባቢ የሚቆም ሰው ቁልቁል ቢመለከት ያገኘዋል። ያ ትንሽ ሩጫ አድጎ በ2024 ከ54 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች የጨረሱት ታላቅ ውድድር ሆኗል።

የበርሊን ጎዳና ፈጣን ነው መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም። ከተማዋ ለጥ ያለ ሜዳ ላይ የተቆረቆረች በመሆኗ በሩጫው መስመር ከፍተኛና ዝቅተኛ ቦታዎች መካከል ያለው ልዩነት 20 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ በዚያ ላይ የወቅቱ ጠዋት አብዛኛውን ጊዜ ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ ፍጥነቱን ጠብቀው ከፊት የሚመሩት አሯሯጮችም ብርቱዎች ናቸው። አስፋልቱ ላይ በሰማያዊ ቀለም የተሰመረው መስመር አትሌቱ በየመታጠፊያው አንድ እርምጃ እንኳ ትርፍ እንዳይሮጥ አጭሩን መንገድ ያሳየዋል። ለተመልካችም ይህ መስመር ጠቃሚ ነው፤ መሪዎቹ የሚያልፉት በእሱ ላይ ስለሆነ ከየትኛው የመንገድ ጠርዝ ብንቆም እንደምንቀርባቸው ቀድሞ ይነግረናል።

ለኢትዮጵያዊ ተመልካች ደግሞ ይህ አስፋልት ከሌላው ሰው ይልቅ ብዙ የሚናገረው አለው። ኃይሌ ገብረሥላሴ ከ2006 እስከ 2009 በተከታታይ አራት ጊዜ ያሸነፈው እዚህ ነው። ሴፕቴምበር 30 ቀን 2007 የዓለምን ክብረ ወሰን 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ሲያደርስ፣ በአገራችን አቆጣጠር መስከረም 19 ቀን 2000 ዓ.ም. ነበርና አገሩ አዲሱን ሚሊኒየም ከተቀበለ ሦስት ሳምንት እንኳ አልሞላውም። በዓመቱ እዚያው ተመልሶ በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ገባ፤ ማራቶንን ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ በታች የሮጠ የመጀመሪያው ሰውም ሆነ። ቀነኒሳ በቀለ በ2016 ካሸነፈ በኋላ በ2019 ያደረገውን ሩጫ የተመለከተ ሰው ሊረሳው አይችልም። ከ30ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ከብርሃኑ ለገሰ ወደ ኋላ ቀርቶ ያበቃለት መስሎ ሳለ፣ ቀስ በቀስ ርቀቱን አጥብቦ ደረሰበትና አልፎት 2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ሲገባ፣ ኤሊዩድ ኪፕቾጌ ከዓመት በፊት በዚያው ጎዳና ካስመዘገበው ክብረ ወሰን የለየው ሁለት ሰከንድ ብቻ ነበር። በዚያ ቀን ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት ቀነኒሳ፣ ብርሃኑና ሲሳይ ለማ ሲሆኑ የሴቶቹንም ውድድር አሸቴ በከሪ አሸነፈች።

ከሁሉም በላይ ግን የትዕግስት አሰፋ ነገር ያስደንቀኛል። ቀደም ሲል የ800 ሜትር ሯጭ የነበረችው ትዕግስት በ2022 በርሊን ስትደርስ ከዚያ በፊት የነበራት የማራቶን ሰዓት 2 ሰዓት ከ34 ደቂቃ ገደማ ነበር፤ በዚያ እሑድ ግን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ37 ሰከንድ ገባች። በቀጣዩ ዓመት የሴቶችን የዓለም ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ አሻሽላ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ አደረሰችውና ከመጨረሻው መስመር በኋላ አንድ እግር ጫማዋን አውልቃ ከፍ አድርጋ አሳየች። ክብረ ወሰኑ ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል፤ የዚያ ዕለት አሯሯጥ ግን በበርሊን ጎዳና ዳር እስካሁን ይወራለታል። በ2024ም በወንዶች ሚልኬሳ መንገሻ፣ በሴቶች ትዕግስት ከተማ ሲያሸንፉ በሴቶቹ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ያለውን ደረጃ የያዙት ኢትዮጵያውያን ነበሩ።

እንግዲህ ይህን ለማየት የሚመጣ ሰው የሚሠራው የተለመደ ስሕተት በማለዳ ተነሥቶ ብራንደንቡርግ በር አጠገብ ቦታ ለመያዝ መሽቀዳደም ነው። በሩ በእርግጥ ያምራል፤ ሯጮቹም በምሰሶዎቹ መካከል አልፈው ጥቂት መቶ ሜትሮች እንደሮጡ ይጨርሳሉ። ነገር ግን ሕዝቡ ከአጥሩ ጀርባ ብዙ ረድፍ ሆኖ ስለሚቆም አጠር ያለ ሰው ከፊቱ ካሉት ትከሻዎች በስተቀር የሚያየው ነገር አይኖርም፤ ከሰዓታት ጥበቃ በኋላም መሪው ለጥቂት ሰከንዶች ብልጭ ብሎ ያልፋል። ልጅ ይዞ ለሚመጣ ወይም መቆም ለሚያደክመው ሰው ይህን ቦታ ፈጽሞ አልመክርም። አጨራረሱ በቴሌቪዥን የተሻለ ይታያል፤ ቴሌቪዥን የማያሳየው ሰፈሮቹን ነው።

እኔ የምመክረው በባቡር እየተዘዋወሩ ሦስት ቦታ ማየትን ነው። ምርጦቹ አትሌቶች ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከሩብ ላይ ከቲየርጋርተን መናፈሻ መሀል ይነሣሉ። የመጀመሪያው መቆሚያ በክሮይትስበርግ ሰፈር ያለው ኮትቡሰር ቶር ሲሆን ቦታው 13ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ በመሆኑ የወንዶቹ መሪ ቡድን ከመነሻው 38 ደቂቃ ገደማ በኋላ ይደርሳል። በዚህ ሰዓት ቡድኑ ገና አልተበተነም፤ አሯሯጮቹ ከፊት ተሰልፈው፣ ተፎካካሪዎቹ ከኋላቸው ተጠግተው፣ ሁሉም በአንድ ትንፋሽ የሚሮጡ ይመስላሉ። ከበላይ በብረት ድልድይ ላይ ቢጫው ባቡር ሲያልፍ፣ ከታች ከበሮ መቺዎች ሲደልቁ፣ በዚያ ጩኸት መካከል የአትሌቶቹ ጫማ አስፋልቱን ሲመታ የሚሰማው ድምፅ ግን ተለይቶ ይታወቃል። ፍጥነቱ ከቅርብ ሲታይ ያስደነግጣል፤ አንድ ኪሎ ሜትር በሦስት ደቂቃ ውስጥ መሮጥ ምን ማለት እንደሆነ የሚገባን የቆምንበትን አጥር ታክከው ሲያልፉ ነው።

ከዚያ እዚያው ከድልድዩ ላይ ካለው ጣቢያ ኡ-ባን የሚባለውን የከተማ ባቡር 1ኛ ወይም 3ኛ መስመር ተሳፍሮ፣ ባቡር ሳይቀይሩ በቀጥታ ቪተንበርግ ፕላትስ መውረድ ይቻላል። ሯጮቹ በደቡብና በምዕራብ ሰፈሮች ዞረው ከ34ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ በዚህ በኩል ስለሚያልፉ በመካከሉ አንድ ሰዓት ያህል ይገኛል፤ ለቡናም ይበቃል። ማራቶን የሚወሰነው እዚህ ነው። ከኮትቡሰር ቶር በኅብረት ያለፈው ቡድን ተበታትኖ አንድ ወይም ሁለት ሰው ብቻውን ይመጣል፤ ቀደም ሲል ያየነው ፊት ሌላ ሰው እስኪመስል ድረስ ተለውጦ እናየዋለን። አገር ቤት በሬዲዮ ወይም በቴሌቪዥን የለመድነውን «በርታ! በርቺ! አይዞህ!» ሯጩ ጆሮው ድረስ ሊሰማው ከሚችልበት ርቀት ላይ ሆኖ ማሰማት ደግሞ ሌላ ስሜት አለው። አትሌቶች በባዕድ ከተማ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ሲጠሩ ዓይናቸውን ወደ ድምፁ ወርወር ሲያደርጉ ማየት ብቻውን ለዚህ ጉዞ በቂ ምክንያት ይመስለኛል።

ወንዶቹን ካየን በኋላ በኡ-ባን 2 ወደ ፖትስዳመር ፕላትስ ብንሄድ፣ 38ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ የሴቶቹን መሪ እንደርስባታለን። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በበርሊን ሴቶቹ ከወንዶቹ ጋር አብረው ስለሚነሡና ወንድ አሯሯጮች ስለሚያጅቧቸው መሪዋን በወንዶች መካከል አጥቶ ማሳለፍ ቀላል ነው። ለካሜራ ሞተር ሳይክሉና ሰዓት ለተሸከመው አጃቢ መኪና ትኩረት መስጠት ይረዳል። ከውድድሩ የምቀንስበት ነጥብ ካለ ይኸው ነው፤ በለንደን ምርጥ ሴት አትሌቶች ለብቻቸው ስለሚነሡ ፉክክራቸው ከመንገድ ዳር ጥርት ብሎ ይታያል፤ በርሊን ለሰዓት ሲል ይህን ውበት በከፊል ይሠዋል።

መሪዎቹ ካለፉ በኋላ ወደ ቤት የሚመለስ ሰው ግማሹን ዝግጅት ጥሎ ሄደ ማለት ነው። አዛውንቶች፣ ማየት የተሳናቸው ሯጮች በገመድ ከሚመሯቸው ጋር፣ በበሽታ ያጡትን ወዳጅ ስም ጀርባቸው ላይ የጻፉ ሰዎች እስከ ቀትር በኋላ ድረስ ያልፋሉ። ውኃ በሚታደልበት ቦታ መንገዱ በተጣሉ ኩባያዎች ተሸፍኖ በየእግሩ ሥር ሲንኮሻኮሽ፣ በጎ ፈቃደኞቹ በመጥረጊያ እየገፉ መንገድ ይከፍታሉ። የሯጮቹ ስም በደረት ቁጥራቸው ላይ ስለሚጻፍ የማያውቁትን ሰው በስሙ ጠርቶ ማበረታታት የተለመደ ነው፤ በርሊኖችም በዚህ ረገድ የሚመሰገኑ ናቸው።

ቅዳሜውም ባዶ አይደለም። ከቀትር በኋላ በባለ ጎማ ጫማ የሚካሄደው የስኬቲንግ ማራቶን በተመሳሳይ መንገድ ስለሚያልፍ ለእሑዱ መቆሚያ ለመምረጥም ይጠቅማል። ከዚያ በፊት ያለውን ጠዋት ለሙዚየም ደሴት መስጠት ይሻላል፤ እሑድ ብዙ መንገዶች ስለሚዘጉ አውቶቡስና ትራም መስመራቸውን ይቀይራሉ። በደሴቱ ካሉት አምስት ሙዚየሞች ፔርጋሞን ከ2023 ጀምሮ ለእድሳት ስለተዘጋ መከፈቱን አስቀድሞ ማጣራት ይገባል፤ ጊዜ የሌለው ሰው የግብፅ ንግሥት ኔፈርቲቲ ምስል ወደሚገኝበት ኖየስ ሙዚየም ብቻ ቢገባ አይቆጭም። ከዚያ ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ ኡንተር ደን ሊንደን ጎዳና ላይ ያለው የመንግሥት ቤተ መጻሕፍት የግዕዝ ብራናዎች ስብስብ አለው። የእነዚህን ብራናዎች ዝርዝር በ1878 ያሳተመው የግዕዝ ሊቅ አውጉስት ዲልማን በዚህች ከተማ አስተምሮ በ1894 ያረፈውም እዚሁ ነው። ለአትሌቲክስ ወዳድ ደግሞ ቀነኒሳ በ2009 የዓለም ሻምፒዮና የ5 ሺህና የ10 ሺህ ሜትር ወርቅ በአንድ ላይ የወሰደበት የኦሊምፒክ ስታዲየም ለጎብኚዎች ክፍት ነው።

ምሽቱን ከፖትስዳመር ፕላትስ በእግር የሚደረስበት የፊልሃርሞኒ አዳራሽ ቢያሳልፉት መልካም ነው። በ1963 የተከፈተው ይህ በሃንስ ሻሩን የተነደፈ አዳራሽ ኦርኬስትራውን ከመሀል አድርጎ ተመልካቹን ዙሪያውን ያስቀምጣል፤ ሴፕቴምበርም የሙዚቃው ወቅት በአዲስ መልክ የሚጀመርበት ጊዜ ነው። ርካሽ መቀመጫዎቹ ቀድመው ያልቃሉ።

ስለ ወጪ፦ ሩጫውን ማየት ነፃ ነው፤ ኪስ የሚጎዳው ማደሪያው ነው። በዚያ ሳምንት በመሀል ከተማ የሆቴል ዋጋ በእጅጉ ስለሚንር ኖይኮልን ወይም ሊሽተንበርግን በመሰሉ ሰፈሮች፣ በባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ ከወራት በፊት መያዝ ይሻላል። ለባቡር ከተማዋን የሚሸፍነው የኤ-ቢ ቀጠና የቀን ትኬት ይበቃል፤ የወረቀቱ ትኬት ከመሳፈር በፊት በማሽን ካልተመታ ግን እንዳልተገዛ ስለሚቆጠር ተቆጣጣሪ ይቀጣበታል። ጠዋት ጃኬት፣ ቀትር ላይ ስስ ልብስ ያስፈልጋል። ራሱ ለመሮጥ የሚያስብ ሰው በበኩሉ ቦታ የሚገኘው በአብዛኛው በዕጣ መሆኑንና ምዝገባው ከውድድሩ ብዙ ወራት አስቀድሞ እንደሚዘጋ አውቆ፣ ቪዛ ከሚያስፈልገው ደግሞ ለእሱም በቂ ጊዜ ትቶ ማቀድ አለበት።