ለቤት ጥበቃ፦ የራስ ሽጉጥ ወይስ የሰፈር ዘበኛ?

አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ሌባ አጥር ዘሎ በገባ ማግስት ቡና ላይ የሚነሳው ክርክር ይኸው ነው።

መብት፦ አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1791 በጸደቀው ሁለተኛ ማሻሻያ መሣሪያ የመያዝን መብት ሕገ መንግሥታቸው ውስጥ አስገብተዋል። የእኛ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 14 ስለ ሕይወት፣ ስለ አካል ደኅንነትና ስለ ነፃነት እንጂ ስለ መሣሪያ አያነሳም። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ደግሞ ሽጉጥ በፈቃድ ብቻ ነው የሚያዘው። «ቤቴን መጠበቅ ነፃነቴ ነው» የሚለውን ሰው ግን እረዳዋለሁ፤ ፖሊስ እስኪደርስ ልጆቹ አጠገብ ያለው እሱ ነው።

ወጪ፦ ሽጉጥ አንዴ ከባድ ገንዘብ፤ ዘበኛ በየወሩ የጎረቤት መዋጮ።

አደጋ፦ ዋናው ይኼ ነው። አንድ ዘመዳችን ሽጉጡን ቁም ሣጥን ውስጥ ጋቢ ሥር ያኖር ነበር። የ6 ዓመት ልጁ አውጥቶ ሲጫወትበት እናቱ ደረሰች። ሽጉጡ ጥይት ጎርሷል። ከተቀበለችው በኋላ እጇ እንዴት ይንቀጠቀጥ እንደነበር እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ዘበኛ ቢያንቀላፋ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠፋው ዕቃ ነው።

ከሰፈር ርቆ ብቻውን ለሚኖር፣ ፈቃድም የሚቆለፍ ሣጥንም ላለው ሽጉጡ ያስኬዳል። ልጆች ላሉበት፣ አጥር ለአጥር ለተያያዘ ሰፈር ግን የዘበኛው ፊሽካና ባትሪ ይሻላል።