ድራማ ሳሎን ይጥማል ወይስ ስልክ ላይ?

እኔ ሳሎንን እመርጣለሁ። ስልኩም ግን የራሱ ጥቅም አለው።

አገራችን ቴሌቪዥን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ለረጅም ዘመን አንድ ጣቢያ ብቻ ነበር። ቴሌቪዥን ያለው ጎረቤት ቤት ተሰብስበን ያደግን ብዙ ነን። በ2008 ዓ.ም. ቃና የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ይዞ ሲመጣ፣ እኛ ቤት ቡናው ከድራማው ሰዓት ጋር ገጠመ። እናቴ ቡና እየቀዳች ተዋናይዋን ትመክራታለች። "ተይው አንቺ ልጅ፣ አያዋጣሽም!" አክስቴ ደግሞ ለሰውዬው ትከራከራለች። ማስታወቂያ ሲገባ ክርክሩ ይጦፋል። ነገ ምን ይፈጠር ይሆን እያልን እንተኛለን። ለእኔ የቴሌቪዥን ደስታው ይሄ ጨዋታ ነው።

ስልክ ላይ ሌላ ነው። ያመለጠህን ክፍል ዩቲዩብ ላይ ታገኘዋለህ። መብራት ቢጠፋም ባትሪ እስካለ ታያለህ። ዳታው ቶሎ ያልቃል እንጂ! አረብ አገር ሰው ቤት የምትሠራ እህታችን ማታ አልጋዋ ላይ ሆና፣ ማዳመጫ ሰክታ የአገሯን ቋንቋ ስትሰማ ምን ያህል እንደምትጽናና አስቡት። እሷን ሳሎን ይሻልሻል ማለት አይቻልም።

እኔ ግን ስልክ ላይ ትንሽ ከሰለቸኝ እዘላለሁ። ሳሎን ውስጥ መዝለል የለም። እናቴ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ እኔም አብሬ ዝም እላለሁ። ባለፈው አንዱን ክፍል ቀድሜ በስልክ አየሁትና ማታ አፌን መያዝ አቃተኝ። "ዝም በል፣ አታበላሽብን!" ተባልኩ። ከዚያ ወዲህ ሰዓቱን ጠብቄ ነው የማየው።